አናጢው ዕቃውን ሲሰጥ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሳዳምጥ ማንም ወረቀት ጠይቆኝ አያውቅም። በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነበር የጀመርኩት። ካርዱ እስኪገኝ የሚጠብቅ ሰው ሆዱን ለመስኮቱ ይገልጣል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ደግሞ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሰልፉ ለምን እንደማይንቀሳቀስ ሊያይ የመጣ ሐኪም ትንሽ ቆሞ ሰማኝና፣ አንተ እዚህ አትሆንም ብሎ ከመርፌ ክፍል አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ከሁለት ወንበር ጋር ሰጠኝ። ካርድ ክፍል የቀሩት ሴቶች «ጋሽ ጆሮ» አሉኝ፤ ስሙም በዚያው ጸና። መጽሐፍ እየተዋስኩ አነበብኩ። ያልገባኝን ዘለልኩት፤ የጎደለውን በጸሎት ሞላሁት።

ዘንድሮ ግን ደንብ መጣ። የምክር አገልግሎት የሚሰጥ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኛ ሁሉ አርባ ሰዓት ተከታታይ ሥልጠና ካልወሰደ ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። የመርፌ ክፍሏ ሲስተር፣ በስተርጅና ፊደል ቆጠራ ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።

ሥልጠናው ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው፣ የላስቲክ ወንበር፣ መስኮቱ አልከፈት ያለ አዳራሽ። አሰልጣኟ የልጄ እኩያ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ሰው የማታሳፍር። ስለ እሷ ክፉ አልናገርም። በአራተኛው ሳምንት የቤት ሥራ ሰጠችን። ከአንድ ተገልጋይ ጋር ያደረግነውን ንግግር፣ ሰውየውን አስፈቅደን፣ ከክፍሉ እንደወጣ ቃል በቃል እንድንጽፈው ነበር። ወረቀቱ በሦስት ይከፈላል፦ እሱ ያለው፣ እኔ ያልኩት፣ ያኔ የተሰማኝ።

እኔ አናጢውን መረጥኩ። ሐሙስ በአራት ሰዓት የሚመጣ፣ አርባ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ካቻምና ሚስቱ ስትሞት ሣጥኗን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም፤ በገዛ እጁ ሠራው። ከዚያ ወዲህ አልጋም ሲጀምር፣ ቁም ሣጥንም ሲጀምር፣ ልኩ ሁሉ የሷ ልክ እየሆነበት የእንጨት ቤቱን ሥራ ተወ። ስምንት ወር ከፊቴ ተቀምጧል። በፊት በፊት ያለቅስ ነበር፤ በቅርቡ ግን ፊቱ ተፈትቶ፣ መቀለድም ጀምሮ ነበር። ንግግራችንን ልጽፈው እንደሆነ ስነግረው፣ ከጠቀመዎት ይጻፉት ጋሼ፣ ብቻ ከኔ ይልቅ እርስዎ እንዳወሩ አይደብቁ አለኝ። እንደወጣ ተቀምጬ ጻፍኩ። ያመለጠኝ ቃል አልነበረም። ማስታወስ እችልበታለሁ።

ማክሰኞ ተራዬ ደረሰ። የአሰልጣኟ ዘዴ፣ ጸሐፊው የተገልጋዩን ቃል እንዲያነብና የጸሐፊውን ቃል ሌላ ሰው እንዲያነብለት ነው። የእኔን ከአጠገቤ የተቀመጠች፣ ከሴቶች መጠለያ የመጣች ጨዋታ አዋቂ ሴት ወሰደችው። ጋሽ ጆሮን ለመሆን ጺም ብቻ ነው የቀረኝ ስትል ክፍሉ ሳቀ።

ጥቂት መስመር ሄድን። ከዚያ እኔ አናጢውን ሆኜ አነበብኩ፤

«መጋዜንም መላጊያዬንም ለእንጨት ቤቱ ባለቤት ሰጠሁት።»

እሷ እኔን ሆና አነበበች፤ «የሚሰጥ እጅ አይነጥፍም።»

«የሷንም ልብስ ሰጠሁ። ሬዲዮኑንም ለአከራዬ።»

«ትልቅ ጽድቅ ነው። ከዕቃ መላቀቅ ለሁሉም አልተሰጠም።»

«አሁን ቀለለኝ ጋሼ። እንቅልፍም መጣልኝ።»

«ተመስገን።»

ይህንን ሐሙስ ሰምቼው ነበር፤ ጽፌውም ነበር። በሦስተኛው ዓምድ ላይ «ደስ አለኝ» ብዬ አስፍሬበታለሁ። ዓለምን የናቀ፣ ነፍሱን ያሳረፈ ሰው መስሎኝ በልቤ ቀንቼበታለሁ። ቃሉን በራሴ አፍ ስለው ግን ሌላ ሆነ። አፌ ውስጥ የነበረው ቤቱን ጠርጎ ለመውጣት የተነሣ ሰው ነው። ሴትዮዋ የመጨረሻውን መስመር ለማንበብ አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩት። መስመሩን አውቀዋለሁ። አናጢው ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይመርቁኝ ሲለኝ፣ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ ብዬዋለሁ።

አሰልጣኟ ቀድማኝ ገብቷት ነበር። መቼ ነው ያገኙት ብላ ጠየቀችኝ። ሐሙስ አልኩ። አምስት ቀን አልፏል። ይሂዱ አለችኝ።

ስልኩ ዝግ ነበር። በአውቶቡስ ስሄድ ለመጸለይ ሞከርኩ፤ ከምርቃቱ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ቤቱን የማውቀው ከካርዱ ላይ ነው፤ ከእንጨት ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛው በር። በሩ ገርበብ ብሏል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ፍራሽና አንድ ራሱ የሠራው ዱካ ብቻ ቀርቷል፤ ግድግዳው ላይ የመሣሪያዎቹ ምስማሮች ባዶአቸውን ተሰልፈዋል። እሱ ዱካው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሥቶ ዱካውን ለቀቀልኝ፤ እንግዳ የማስቀምጥበት የለኝም ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። አልተቀመጥኩም።

ሥልጠናው፣ ሳትሸሹ፣ ቃሉን ሳታለሳልሱ ጠይቁ ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን እንደዚያ ጠይቄ አላውቅም፤ ነውር ይመስለኝ ነበር፣ ሰይጣን መጥራትም ይመስለኝ ነበር።

«ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» አልኩት።

ምስማሮቹን አየ። «ነግሬዎት ነበር'ኮ ጋሼ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። «ልነግርዎት ስፈራ ስፈራ ከርሜ ነው የነገርኩዎት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መረቁኝ። ፈቀዱልኝ ብዬ ወጣሁ።»

አልገባኝም ነበር አልኩት። እንደ ልጅ ምርቃቴን መልስልኝ አልኩት። ፈገግ አለና የተሰጠ ነገር እንዴት ይመለሳል አለኝ፤ ግን ተከተለኝ። ለምን እንደተከተለኝ አላውቅም፤ ሽማግሌ ማሳፈር ከብዶት ይሆናል።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስድስት ሰዓት ተቀመጥን። አልጋ ተገኘለት። በአምስተኛው ቀን መድኃኒት ይዞ ወጣ፤ አልጋው ለሌላ ሰው ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ሐሙስ በአራት ሰዓት ክፍሌ መጣ፤ ጢሙን ተላጭቷል። እንዴት ነህ ስለው ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። መድኃኒቱን ትወስዳለህ ወይ ስለው አዎ። ጥያቄውን ደግሜ ጠየቅሁት። «የለም» አለ፤ ጥያቄው ሳያልቅ፣ ቶሎ፣ በትሕትና። ሆስፒታል ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ ተጠይቆ መልሱን አጥንቶታል። ስምንት ወር የከፈተልኝን በር እኔ ራሴ ነኝ ያስዘጋሁት፤ አሁን እያንኳኳሁ ከውስጥ ደህና ነኝ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

በፋይሉ ላይ «የለም ብሏል» ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ ነው የሚጻፈው።

ሲወጣ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ብመርቀው ያንን ፈቃድ ያጸናሁለት ይሆናል፤ ብተወው ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ሳልመርቀው ሸኝቼው አላውቅም። እጁን ጨብጬ ያዝኩት። ሳልለቀው ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ እሱ ራሱ ጣቶቼን በቀስታ ፈታቸውና ደህና ይዋሉ ጋሼ አለኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ በአራት ሰዓት በሩን ያንኳኳው የእንጨት ቤቱ ባለቤት ነው። ካፖርቱ ላይ ሰጋቱራ ነበረበት። ገብቶ አናጢው ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ ወንበር የለም። እሁድ ተቀበረ አለኝ። በኪሱ የእርስዎ ስም ያለበት የቀጠሮ ካርድ ስለተገኘ ልነግርዎት መጣሁ አለ። ለመነሣት ሞከረና መልሶ ተቀመጠ።

መጋዙ ጥሩ መጋዝ ነው አለ። እንደዚያ ያለ አሁን አይገኝም፤ ለምንድን ነው የምትሰጠኝ ብዬ ልጠይቀው ነበር፣ ግን ቢጸጸትና መልሶ ቢወስደውስ ብዬ ዝም አልኩ አለ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያዞረዋል።

«እና ሲሰጠኝ መረቅሁት» አለኝ። «ያን ያህል ዕቃ ተቀብዬ ምን ልበል?»