ከሰሌዳው ላይ የተነሳችው ካርድ

ሰውየው ያበሽቃል። የባሏ ታናሽ ወንድም ቢሆንም ያበሽቃል፤ አሠልጣኟ ይህን ለማለት ማንንም አታፍርም። በበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ላይ የሚሠሩት ሁሉ «አንቀጽ» ነው የሚሉት። ውሃ ጠጣ ቢሉት እንኳ ስለ ውሃ የተደነገገውን ሳይጠቅስ ብርጭቆ የሚያነሳ አይመስልም።

ከእሷ በፊት ሁለት አሠልጣኞች ነበሩት። ሁለቱም «ጨጓራችንን ላጠው» ብለው መለሱት። ሦስተኛዋ እሷ ሆነች፤ ዘመድ ዘመዱን እንዳያሠለጥን የሚከለክል ደንብ አለመኖሩንም አጣርቶ የነገራት ራሱ ነው። እንግዲህ የሥልጠናው ጊዜ የሚያልቀው ዛሬ ነው። ዛሬ የፈቃድ ቅጹ ላይ ካልፈረመችለት ስምንት ዓመት ወደ ሠራበት ወደ ሻንጣ ጫኝነቱ ይመለሳል፤ ሌላ ዕድል የለውም። ባሏም ጠዋት ገና ጫማዋን ሳታስር «በይ እንግዲህ፣ አደራሽን» ብሏታል። አደራ መስጠት ቀላል ነው፤ አጠገቡ የሚቀመጠው እሱ አይደለ!

አንቀጽ ወንበሩ ላይ፣ እሷ ከኋላው፣ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ተቀምጠዋል። አንዱ አብራሪ ዝግጁ ነኝ አለ። አንቀጽ የመነሳት ፈቃዱን ሰጠ፣ አብራሪው የተባለውን ቃል በቃል እስኪደግምለት ጠበቀ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ፣ ‹መነሳት› የሚለውን ቃል ፈቃድ ስንሰጥ ብቻ የምንጠቀመው ለምን እንደሆነ...»

«አውቃለሁ። ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ጉም ውስጥ ተጋጩ። አንተ ሳትወለድ አውቃለሁ።»

«ከዚያ በፊት ግን፣ ሬዲዮ ሳይኖር፣ ተቆጣጣሪው ሜዳው ላይ ቆሞ በባንዲራ...»

«ወንድሜ፣ በፈጠረህ፣ መስኮቱን እይ!»

መስኮቱን አየ። ችግሩ ይኸው ነው፤ ያዘዙትን ሁሉ ያደርጋል፣ ግን በራሱ ጊዜ። ሌላው ሦስት ሥራ ሲጨርስ እሱ አንዱን ይመረምራል። እሷ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ እጇ ከአፏ ቀድሞ የሚሠራ ሰው ናት፤ ቁጭ ብሎ ማየት አንጀቷን ያሳርረዋል።

አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ የሣር ማጨጃው ትራክተር ማኮብኮቢያውን አቋርጦ እንዲያልፍ ተፈቀደለት። መኪናም ሆነ ሰው ማኮብኮቢያው ላይ ሲኖር በተቆጣጣሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ ቀይ ካርድ ይቀመጣል። ካርዷ የምትነሳው ሹፌሩ ራሱ በሬዲዮ «ወጥቻለሁ» ሲል ነው። እዚያ ማማ ላይ ማንም ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው፤ የምታስተምረውም እሷ ናት።

ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው፤ የፈቃዱን ቅጽ ለምን እስካሁን እንዳላስገባች ይጠይቃል። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል እንደያዘች ትራክተሩ ወደ መውጫው ሲዞር አየችው። በማማውና በማኮብኮቢያው ወዲያኛው ጫፍ መካከል ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ጀርባ ያለው የማኮብኮቢያ ክፍልና መውጫው ከማማው አይታዩም። ትራክተሩ ከጉብታው ኋላ ተሰወረ። አንቀጽ እንደ ልማዱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? ተናደደችና በትከሻው ላይ እጇን ሰድዳ ቀይዋን ካርድ አነሳቻት።

ስልሳ ሁለት ሰው የጫነው አውሮፕላን ለማረፍ መቃረቡን ተናገረ። አንቀጽ ፈቃዱን አልሰጠም።

«ፍቀድለት እንጂ!» አለች ስልኩን ዘግታ።

«ሹፌሩ ወጥቻለሁ አላለም።»

«ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

«ሲወጣ ነው ያዩት ወይስ ወደ መውጫው ሲዞር?»

ደሟ ፈላ። በዚህ ደቂቃ፣ አውሮፕላን እግሩን ዘርግቶ እየመጣ፣ መስቀለኛ ጥያቄ! አንቀጽ ሹፌሩን በሬዲዮ ጠራው፤ መልስ የለም። ደግሞ ጠራው። ዝም።

«ሰሌዳው ንጹሕ ነው! አሳርፈው ብዬሃለሁ፣ ይህ ትእዛዝ ነው!»

አንቀጽ ማይኩን ተጫነ። ድምፁ ሻንጣ እንደሚቆጥር ሰው የረጋ ነበር። አብራሪውን ማረፉን ትቶ ከፍ እንዲል፣ ዞሮ እንዲመለስ አዘዘው። አብራሪው ደገመለት። አውሮፕላኑ እያጓራ በማኮብኮቢያው ላይ አልፎ ወጣ፤ የማማው መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ያኔ ትራክተሩ ከጉብታው ጀርባ ብቅ አለ። ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነው። ሹፌሩ የማጨጃው ስለት ወልቆበት ወርዶ ሲያስር ቆይቷል፤ አሁን እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ ማማው በፈገግታ ሰላምታ ሰጠ።

ቀይዋን ካርድ ወደ ሰሌዳው መለሰቻት። ተረኛው መጥቶ ወንበሩን ሲረከባቸው ምን እንዳለችው እንኳ አላወቀችም።

ከማማው ሥር ባለችው ጠባብ ቢሮ ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ። የፈቃዱን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣች። እስክሪብቶ አነሳች። አንቀጽ ግን ከቅጹ አጠገብ ሌላ ወረቀት አኖረ፤ የአደጋ ስጋት ማሳወቂያ።

«ይህን ከጻፍኩ ከሥራ እታገዳለሁ» አለች።

«አዎ።»

«የታገደ አሠልጣኝ ፊርማ ደግሞ...»

«አይጸናም። ከስህተቱ ደቂቃ ጀምሮ።»

«ታዲያ ነገ ሻንጣ ልትጭን ነው እኮ! ገብቶሃል? ማን አየን? አብራሪው እንኳ ምን እንደነበረ አያውቅም! ልፈርምልህና ይህን ወረቀት እንተወው!»

አንቀጽ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። የቅጹን ጠርዝ በጣቱ ደጋግሞ ሲያስተካክል አየችው። ለካስ ሰውየው ፈርቷል።

«እትዬ፣ ሲያሰለችዎት የኖረው አንቀጽ ሁሉ ከየት የመጣ ይመስልዎታል? አንዱ እንዲህ ተሳስቶ፣ ቁጭ ብሎ ስለጻፈው እኮ ነው።»

  የፈቃዱን ቅጽ ወደ መሳቢያው መለሰችና የሌላውን ሳጥኖች መሙላት ጀመረች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ካርዷን ማን እንዳነሳት። በገዛ እጇ የራሷን ስም ጻፈች። እሱ ጎንበስ ብሎ ሰዓቱን በሁለት ደቂቃ አረማት።

ሳጥኖቹ አለቁ። አደጋውን ማን እንዳስቀረው የሚጠይቅ ሳጥን አልነበረም። እስክሪብቶዋን ወደ ወረቀቱ ዳር ወሰደች።

«እትዬ፣ ከሳጥኑ ውጪ መጻፍ አይፈቀድም።»

«ዝም በል!» አለችው። እንባዋ መጥቶ ፊደሉ ተደባለቀባት፤ በመዳፏ ጠረገችና በትልልቁ ጻፈች፦ «እኔ አሳርፈው ብዬ አዝዤው ነበር። ስልሳ ሁለቱን ሰዎች ያተረፋቸው ሠልጣኙ ነው።»