የሙከራው ድምፅ

እናቴ ልትጠይቀን በመጣች ቀን፣ ባሌ ደረቱን ነፍቶ ፕሮግራሙን ራሱ የጻፈለትን የሕንፃችንን አዲስ ሊፍት ከፈተላት። ጎረቤቶች ተከትለውን ገቡና ክብደቱ በዛ። ሊፍቱም በባሌ ድምፅ፣ «አንቺ ወፍራም፣ ውረጂልን» አለ።

ለሙከራ እየቀለደ የቀዳው ነው። «በኋላ እቀይረዋለሁ» ብሎ ረስቶታል፤ የዚህ ሰውዬ «በኋላ» መቼም አያልቅም።

እናቴ ቦርሳዋን አቅፋ ወረደች። ጎረቤቶች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«እማማ፣ የሙከራ ድምፅ ነው እኮ» አላት ባሌ ላብ እያጠመቀው።

«ይሁን ልጄ፣ በደረጃው እመጣለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ።

በሩ ሲዘጋ ሊፍቱ በዚያው ድምፅ፣ «እፎይ፣ ተገላገልን» አለ።