የአጥሩ ጣሳ

ወንድሟ አትናቴዎስ የጻፈውን የሕይወት ታሪክ ሰርካለም ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት፣ በሩን ከውስጥ ሸጉራ። መጽሐፉ ከአዲስ አበባ የመጣላት በ1998 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሽፋኑን ገልጣ «ለእህቴ፤ ከእንግዲህ አንገታችንን አንደፋም» የሚለውን የእጅ ጽሑፉን ስታይ መልሳ ከደነችው።

የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው። የሸክላ ሠሪ ልጆች መሆናቸው፣ ራቤል ከተማ አጠገብ ባለችው መንደራቸው «ቡዳ» እየተባሉ ማደጋቸው፣ ጎረቤት ዝክር ሲያወጣ ጠላውን ከደጅ ቆመው፣ ሌላ ሰው በማይነካው፣ አጥር ላይ በሚሰቀል ጣሳ መጠጣታቸው፣ አንድም አልቀረ። ምዕራፉ ሲዘጋ «ያ ጣሳ ዝጎ ወድቋል፤ እኔ ግን ቆሜአለሁ» ይላል። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። እሱ የቆመው የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው በሌለበት ከተማ ነው። እሷ ግን እዚያው አገሯ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ናት። በኃይሉን ስታገባ «ወላጆቼ ገበሬዎች ነበሩ፤ ሞተዋል» ብላለች። እናቷ የሠርጓን መኪና ያየችው ከገበያ ዳር፣ ማሰሮዎቿን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር።

መጽሐፉ ውስጥ ፎቶግራፍ አለ፦ እናታቸው፣ እንስራዎች፣ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ከሥሩ «እህቴ ሰርካለም፤ ዛሬ መሐል ሜዳ መምህርት ናት» ይላል። በኩራት ነው የጻፈው።

ሰኞ ጠዋት መምህር ምስክር ሌላ ቅጂ እያውለበለበ መምህራን ክፍል ገባ።

«ሰርኬ! መጽሐፍ ላይ ወጥተሽ ዝም? ለካ አንቺ ቀና ብለሽ ያየሽው ተማሪ ሁሉ ሆዱን የሚቆርጠው ያለ ነገር አይደለም!»

የሳቀ የለም። አንዲት መምህርት ብቻ ከሰርካለም ብርጭቆ አጠገብ የነበረውን የራሷን የሻይ ብርጭቆ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበች።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። በኃይሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«እውነት ነው?»

«ነው።»

«አምስት ዓመት ሙሉ!»

«ብነግርህ ታገባኝ ነበር?»

መልሱን ጠበቀች። በኃይሉ የጫማውን ጭቃ በስንጥር ይፍቅ ጀመር፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ያዘ።

አማቷ እማማ ገበያነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። «ልጄ፣ ክፉ አልናገርሽም። አብረን በልተናል። ግን ነገ የማርያም ማኅበር ተራዬ ነው። ሰዉ እንዴት ብሎ ቤቴ ይገባል?»

«እኔ እወጣለሁ፣ እማማ። ቤተልን ብቻ... ቤተል የልጅዎ ልጅ ናት።»

«ናት እንጂ! ማን አይደለችም አለ?» አሉ ፈጥነው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሰርካለም ትንፋሿ ተመለሰ።

የአራት ዓመቷ ቤተል ከጓሮ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ ውኃ!»

አሮጊቷ ገብተው ውኃ ይዘው ተመለሱ። የያዙት ልጅቷ ሁልጊዜ የምትጠጣበትን ሰማያዊ ኩባያ አልነበረም። የቲማቲም ጣሳ ነው፤ ከንፈሯን እንዳይቆርጣት ጠርዙ ዙሪያውን በጥንቃቄ ተቀጥቅጧል።

«ጠጪ፣ የኔ እናት።»

ቤተል በአዲሱ ዕቃ ደስ ብሏት ጨለጠችው። ባዶውን ስትዘረጋላቸው አያቷ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ። በኃይሉም ቀና አላለም። ሰርካለም ጣሳውን ተቀብላ የምታስቀምጥበት ፈለገች።

አጥሩ ላይ፣ በልጅቷ ቁመት ልክ፣ አዲስ ሚስማር ተመቷል።