የአሻግሬ እናት ያለችበት

የወይራ አምባ ሚካኤል ሰበካ ጉባኤ «እስከ ሰኔ ሚካኤል ያልተመዘገበና በሲሚንቶ ያልተሠራ መቃብር ለሌላ ሟች ይሰጣል» ብሎ ካስነገረ ወዲህ አሻግሬ አንድ ቀን እንኳ ቤቱ ውሎ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ የቅሬው፣ የመንደሩ እድር ማለት ነው፣ መቃብር ቆፋሪ ነበር። ቅሬተኛው በተራ ዶማና አካፋ ይዞ ቢመጣም፣ መሬቱን የሚከፍተው፣ ልኩን የሚያወጣው፣ የራስጌና የግርጌ ድንጋዩን የሚያቆመው እሱ ነው። ያኔ መቃብር ማለት የድንጋይ ክምር ነበር፤ ስም አይጻፍበት፣ ቀለም አይቀባ። የዘመዱ ቦታ የጠፋበት ሰው «አሻግሬን ጠይቅ» ይባላል።

አሁንም ከመካነ ሰላምም ከደሴም፣ ከአዲስ አበባም ሳይቀር የሟች ልጆች እየመጡ ደጁ ላይ ይቆማሉ። ከዘራውን ይዞ ይመራቸዋል፤ «እቺ ናት» ይላል፤ የሰበካው ጸሐፊ መቅደላዊት ትጽፋለች፤ እሱ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። እስከ ዛሬ ስድሳ ሦስት መቃብር እንዲህ አትሟል።

«እርስዎ ባይኖሩ እኮ ይሄ ሁሉ ሙት ስም አልባ ቀርቶ ነበር» ትለዋለች መቅደላዊት።

«እኔንስ ስሞት ማን ሊጠቁመኝ ነው?» ይላል እየሳቀ።

የሚገባበትን ግን ያውቀዋል። በስተ ምሥራቅ፣ ከጥዱ ሥር እናቱ ትሁኔ አለች። አንድያ ልጇ ነበር። በሞተች ጊዜ ራሱ ቆፍሮ ራሱ አፈር አልብሷታል፤ ከጎኗ የተረፈችውን አንድ ሰው የምታሳርፍ መሬትም ያን ቀን በልቡ ለራሱ አስቀርቷታል። ለማንም ግን አልተናገረም። መናገር የማይችልበት ነገር ነበረው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ላይ ተስቦ ተጨምሮ በአንድ ሳምንት ሃያ ሰው ሲሞት ቅሬው መቆፈር አቃተው። ከታች ከካቡ ጥግ አንድ ረጅም ቦይ ተቆፈረና ሁሉም አንድ ላይ ገቡ። በለጡ የምትባል ሴትም ከነሱ ጋር ገባች። ልጇ አልታዬ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አክስቷ ደጎሎ ወስዳ አሳደገቻት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣችና «እናቴ የቷ ናት?» አለችው። አሻግሬ ቦዩን ሊያሳያት እጁን አነሳ። ልጅቱ በነጠላዋ ጫፍ አንዲት ጧፍ ቋጥራለች። አንዲት ጧፍ ለሃያ ሰው እንዴት ትበራለች? እጁ ዞረና በትሁኔ ክምር ላይ አረፈ። የሌላ ሰው መቃብር ቢሰጣት ባለቤቱ ይመጣል። የእናቱ ባለቤት ግን እሱ ብቻ ነው።

ይኸው ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልታዬ በየዓመቱ እየመጣች ታለቅሳለች። እሱ የሚመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አልታዬ ከግንበኛው ከይማም ጋር ደረሰች። ባጃጁ አሸዋና ሲሚንቶ ጭኗል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን እብነ በረድ ግን እሷው ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የመጣችው። ስትገልጠው ከበለጡ ስም በላይ የራሷ የአልታዬ ፎቶ ተለጥፏል።

«ደሴ እብነ በረድ ጠራቢዎቹ ፎቶ አምጪ አሉኝ። የእናቴ ከየት ይምጣ? አክስቴ 'ቁርጥ እሷን' ስትለኝ ነው ያደግሁት፤ የራሴን ሰጠኋቸው» አለች፣ ትንሽ እያፈረች።

ይማም ሳቀ። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ገበያ ስትወጪ ሰው በድንጋጤ ነው የሚሞተው!»

«አንተ ዝም ብለህ ሲሚንቶህን አቡካ!»

መቅደላዊት ሜትሯን ዘረጋች። «ከጎን አንድ ቦታ ለቤተሰብ ይያዛል። ልያዝልሽ?»

«ያዥልኝ እንጂ! በቁሜ ያላገኘኋትን ስሞት እንኳ አጠገቧ ልተኛ።»

ይማም ችካል መታና ገመዱን ወጠረ። ገመዱ ክምሩን ዞሮ አሻግሬ ለራሱ ያስቀራትን መሬት ሲያካትት አሻግሬ አየ። ገመዱን በከዘራው ያዘ።

«ተዉ» አለ። «ይቺ ትሁኔ ናት። የእኔ እናት ናት። በለጡ ከታች ነው ያለችው፣ ከቦዩ።»

አልታዬ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፊቱን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ታዲያ እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያለቀስኩት በማን ላይ ነው?»

«በእናቴ ላይ» አለ አሻግሬ።

አልታዬ ክምሩ ላይ ተቀመጠችና በሁለት እጇ ድንጋዩን ያዘች። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ቀረብ ቀረብ አሉ። «የኛስ አባት ታዲያ?» አለ አንዱ።

ቄሰ ገበዝ አለኸኝ ይህን ሰምተው ፈጥነው መጡና አሻግሬን በክንዱ ይዘው ከጥዱ ኋላ ወሰዱት።

«ምን እያደረግህ ነው? ይቺ ውሸት ከሆነች የቀሩትን ማን ያምናል? ስድሳ ሦስት ነው! ሲሚንቶው ደርቋል፣ ፍትሐቱ ተደርጓል። ሁሉንም እናስቆፍር?»

«የቀሩት እውነት ናቸው።»

«እኔማ አምንሃለሁ። እነዚያስ?» አሉ ወደ ሰዎቹ እያመለከቱ።

አሻግሬ ስድሳ ሦስቱን በልቡ ዞረባቸው። ሃምሳውን በመስቀል ይምልባቸዋል። የአሥራ ሦስቱን ግን ድንጋያቸውን ከብት በትኖት ነበር፤ ያሳየውም በግምት ነው። ይህን ለቄሰ ገበዙ ሊነግራቸው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ኧረ ወዲህ ወይ ወዲያ በሉ!» ሲል ይማም ጮኸ። «ሲሚንቶው ሊደርቅብኝ ነው!»

አሻግሬ ተመልሶ አልታዬ ፊት ቆመ። እጇን ከድንጋዩ አላነሳችም።

«እርጅና ነው፣ ልጄ» አላት። «ተምታታብኝ። ያንቺው ናት።»

ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ጉልበቱን ሳመች። «ምነው አያ አሻግሬ፣ ልቤን አጠፉት እኮ!» ሰዎቹም «አብሽሪ፣ አብሽሪ፤ እድሜ ነው» እያሏት ተነፈሱ።

መቅደላዊት ቀለሙን አቀረበችለት። «ጎኗንም?»

«ጎኗንም» አለና አተመ።

«የእርስዎን እናት ግን እስካሁን አላስመዘገቡም። የት ብዬ ልጻፍ?»

«ከታች። ከቦዩ።»

«ከየት እስከ የት? ያልተለካ አይጻፍም እኮ፣ አያ አሻግሬ።»

«እንግዲያ ተዪው።»

ይማም የመጀመሪያውን አካፋ ሲሚንቶ ክምሩ ላይ ገለበጠ። አሻግሬ እዚያው ቆሞ ማየት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት መካከል ሁለት ወንድማማቾች ወደ እሱ መጡ። የማን ልጆች እንደሆኑ አወቀ። አባታቸውን ቀብሯል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አያስታውስም።

«አያ አሻግሬ፣ አሁን የኛን ያሳዩን» አለ ታላቅየው።

ቄሰ ገበዙ ያዩታል። መቅደላዊት አዲስ ገጽ ገልጣለች። አሻግሬ ከዘራውን አንስቶ ፊት ፊት ሄደ። የልጆቹ ኮቴ ከኋላው ይሰማዋል፤ እሱ ግን የት ላይ እንደሚቆም ገና አልወሰነም።