አሥራ አራተኛው ስም

"እስክንድር! ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ሂድ!"

ኃይለልዑል የጠራውን ስም የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ሊመልሰው አልቻለም። ኳሷ በልጁ አናት ላይ አልፋ አጥሩ ሥር ወደቀች። ሜዳው ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ዞረው አሠልጣኛቸውን አዩት። ከሁሉም ርቆ፣ በሜዳው ቀኝ ጥግ የቆመው ልጅ እስክንድር አልነበረም፤ ሶሊ ነበር። እስክንድር ከሞተ የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓመት ይሞላዋል።

"ሶሪ፣ ኮች!" አለ ሶሊ ኳሷን ለማምጣት እየሮጠ። በሟች ስም መጠራቱን እንዳልሰማ ሆነ። ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ እንዳላየ ማለፍ ያውቅበታል።

"ችግር የለም፤ ቀጥሉ!" ብሎ ጮኸ ኃይለልዑል። በእጁ የያዘውን ወረቀት ላቡ አርሶታል።

በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ በነሐሴ አየሩ ራሱ የሚያልብ ይመስላል። የዛሬዋ ቅዳሜ የመምረጫው የመጨረሻ ቀን ናት። ከመምሸቱ በፊት ለቤዝቦል ክለቡ የአሥራ አራት ልጆች ስም መላክ አለበት፤ ሊጉ ዘንድሮ ከዚያ በላይ አይቀበልም። አሥራ ሦስቱን ጽፏል። አሥራ አራተኛው መስመር ግን ጠዋት አሌክሳንድሪያ ካለው ቤቱ ሲነሳም ባዶ ነበር፣ አሁንም ባዶ ነው። ለዚያች መስመር ሁለት ልጆች ቀርተዋል። ሄኒ ልምምድ ላይ አንድ ቀን ቢመጣ ሁለት ቀን አይመጣም፤ ሲመታ ግን ድምፁ ፓርኪንግ ድረስ ይሰማል። ሶሊ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ከሁሉም በኋላ ይሄዳል። ባለፈው ሲዝን ሠላሳ ስምንት ጊዜ ባት፣ የመምቻውን ዱላ፣ ይዞ ቆሞ ኳስ የመታው ሁለቴ ነው። ከሁለቱ አንዷን እሱ መታት ከማለት እሷ መጥታ ነካችው ማለት ይቀላል።

"ምን ትጠብቃለህ? ሄኒን ጻፍና እንገላገል" አለው ከፈለ። ከፈለ ምክትሉ ነው፤ በሙያው ነርስ፣ በጠባዩ ደግሞ ማር ቀብቶ መናገር የማይወድ ሰው።

"ሶሊ አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም።"

"እድር ቢሆን ኖሮ እናመሰግነው ነበር። ይሄ ቤዝቦል ነው።" ከፈለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቅድም ማንን እንደተጣራህ ሰምቻለሁ፣ ኃይሌ። እስቲ ንገረኝ፤ ልትመርጥ የፈለግከው ሶሊን ነው ወይስ እስክንድርን?"

ኃይለልዑል ባዶውን መስመር አየ። ፈርቷል። አሥራ አንድ ወር ከምናምን ሙሉ ሲፈራ ነው የከረመው። ክሪስታል ሲቲ ውስጥ ሜንቴናንስ በሚሠራበት አፓርታማ፣ መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር፣ ከኮሪደሩ ጫፍ እስክንድርን የመሰለ፣ ሰፊ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ይታየዋል። ሊፍቱ ሲከፈት ይታየዋል። ቀና ብሎ ሲያይ ማንም የለም፤ ወይም የሌላ ሰው ልጅ ነው።

እስክንድርን አምና በዚሁ ወር ከቡድኑ ያወጣው እሱ ነው። ልጁ ከወጣ በኋላ በመስከረም አንድ ቅዳሜ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወር ያልሞላው የጎረቤት ልጅ መኪና ውስጥ ነበር። ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ተገለበጡ፤ የሚነዳው ተረፈ። አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ኃይለልዑል ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰማ። ቡድኑ በዚያች ሰዓት እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር፤ ጨዋታው ሦስተኛው ዙር ላይ ደርሶ ነበር። ስሙ ከዝርዝሩ ባይወጣ ኖሮ እስክንድር ያን ጊዜ ሜዳው ቀኝ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ኳስ አልመጣ ብሎት፣ በጫማው ጫፍ ሣር ይቆፍር ነበር። ኃይለልዑል ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራው ራሱም አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ልጅ መጣል አቅቶታል።

ከአጥሩ ውጭ አቶ ዘርትሁን፣ የሶሊ አባት፣ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ወደፊት አዘንብለው ተቀምጠዋል። ዲሲ መሐል ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርተዋል፤ ቤዝቦልን የተማሩትም እዚያች ጠባብ ዳስ ውስጥ በሬዲዮ ነው። ሳያዩት የወደዱት ጨዋታ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ፣ አሠልጣኞቹንም ጨምሮ፣ ሕጉን አጥርተው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የልጃቸውን ስም ሊሰሙ ነው ዛሬ የመጡት።

ልጆቹ ውኃ ሊጠጡ ሲበተኑ ጥቁር የለበሰች ሴት ከፓርኪንጉ በኩል መጣች። ኃይለልዑል ገና በአረማመዷ አወቃት። ፀዳለ ናት፣ የእስክንድር እናት። ከቀብሩ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አይቷት፣ ሁለቱንም ጊዜ በሌላ በር ወጥቷል። አሁን የሚወጣበት በር አልነበረም።

"እንደምን አለህ፣ ኮች?"

"ፀዳለ... እንዴት ነሽ? ነይ ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም፤ ሥራ እገባለሁ። በስልክ ከምነግርህ ብዬ ነው።" ከአስፐን ሂል ድረስ የመጣችው ለዚህ ነበር። "የሙት ዓመቱን የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ነው የማወጣው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነን። ልጆቹ ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል። ጨዋታ ካላችሁ ግን እረዳለሁ።"

"ጨዋታ የለንም" አለ ኃይለልዑል። ነበራቸው። "ሁላችንም እንመጣለን።"

ፀዳለ ወደ ሜዳው አየች። "ዛሬ ምርጫ ነው፣ አይደል?" አለች። "አንድ ነገር ልንገርህና ከሆዴ ይውጣ። ስታየኝ እንደምትሸሽ አውቃለሁ። ተቀይማኛለች ብለህ ከሆነ አልተቀየምኩህም። ያን ጊዜ 'እስክንድር አልሆነለትም፤ አዝኗል፤ ምን ላድርግ?' ብለህ ኮል ስታደርግልኝ፣ ለምኜህ ነበር። 'እባክህ አስቀርልኝ' አልኩህ። ኤርፖርት ሺፍት ላይ ነበርኩ፤ ማናጀሬ ሲመጣ ዘጋሁት እንጂ ብዙ ልልህ ነበር። በኋላ መውጣቱን የሚናገረው ኢሜይል ሲመጣ፣ ኮች ያየው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። ሥራው ያንተ ነው።"

ኃይለልዑል ስልኩን ያስታውሰዋል። ከጀርባዋ የሚጮኸውን የበረራ ማስታወቂያ፣ ያቺን አንዲት ቃል፣ ከዚያ የመስመሩን መዘጋት። "አስቀርልኝ" ስትለው የገባው ግን ሌላ ነው። አሜሪካ የገባው በዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አማርኛውም እዚያው ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቆሟል። ያደገበት "አስቀር" የእናቱ ነው፦ "ያን ጨዋታ አስቀርና ና ብላ"፤ "ቀጠሮዬን ደውለህ አስቀርልኝ"። ፀዳለ በቃው፣ አውጣልኝ ያለችው መስሎት ነበር።

"ሁለት ዓመቱ ላይ ሳንባው ታሞ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝቶብኛል" አለች ፀዳለ፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል። "ያን ጊዜም ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። 'እመቤቴ፣ አስቀሪልኝ፣ ይህን አንድ ልጅ አስቀሪልኝ' ነበር የምላት። አስቀረችልኝ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ለሰው አውጥቼ አላውቅም። ላንተ ነው ያልኩት።"

ኃይለልዑል የአጥሩን ሽቦ ያዘ። ከዝርዝር አውጣልኝ የመሰለው ቃል ከሞት አትርፊልኝ የተባለበት ቃል ነበር። የእስክንድርን ስም እኮ ጽፎት ነበር! በገዛ እጁ ጽፎ፣ ስልኩን ከዘጋ በኋላ፣ የእናቱን ፈቃድ የፈጸመ መስሎት ነው የሰረዘው።

"ኢሜይሉን ሲያነብ ምን አለኝ መሰለህ? 'ማም፣ ኮች ጉድ ፕሌየር አይደለህም ካለኝ፣ ጉድ ፕሌየር አይደለሁም ማለት ነው' አለኝ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እንደዚያ እንዳሰበ መሄዱ። እውነቱን ብትነግረኝ አይከፋኝም። ልጄ ሌላ ሲዝን አይገባውም ነበር?"

ኃይለልዑል አፉን ከፈተ። ሁሉንም ሊነግራት ፈለገ። ከተሸከመው ነገር ግማሹ ይቀልለት ነበር። ግን ያ ግማሽ የት ነው የሚወድቀው? እሷ ላይ ነው። ነገ ቤቷ ገብታ፣ ምነው "አይውጣብኝ" ባልኩ፣ ምነው ሁለተኛ በደወልኩ ስትል ትኖራለች። እመቤታችንን የለመነችበት ቃል ራሱ ይመረዝባታል። ሆድ ይፍጀው አለ።

"ይገባው ነበር" አላት። "ስሙን ጽፌው ነበር፣ ፀዳለ። ከጻፍኩት በኋላ ነው የሰረዝኩት። ተሳስቼ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ለምን ሰረዝከው?"

"እሱን ራሱን ሳልጠይቅ ወሰንኩ። ልጁን መጠየቅ ነበረብኝ።" ይህም ውሸት አልነበረም።

"ጽፈኸው ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ።"

"ጽፈኸው ነበር።" ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። "እግዜር ይስጥህ። በል፣ ሥራዬ ረፈደ።"

ብትረግመው ይሻለው ነበር። መኪናዋ ከፓርኪንጉ እስክትወጣ ድረስ ቆሞ ሸኛት። ከፈለ ከሩቅ ሰዓቱን እያሳየ ምልክት ሰጠው፤ ኃይለልዑል ግን ወደ ሜዳው ቀኝ ጥግ ሄደ። ሶሊ የተበታተኑትን ኳሶች ባልዲ ውስጥ እየሰበሰበ ነበር። አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

"ሶሊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። የአባትህን መልስ አልፈልግም፤ ያንተን ነው የምፈልገው። ሌላ ሲዝን መጫወት ትፈልጋለህ?"

ሶሊ ወደ አጥሩ፣ ወደ ታጣፊው ወንበር አየ። "ከነገርኩህ ለዳዲ ትነግረዋለህ?"

"አልነግረውም።"

"ፕሮሚስ?"

"ፕሮሚስ።"

"አልፈልግም" አለ ሶሊ በአንድ ትንፋሽ። "ኧርሊ የምመጣው እኮ ዳዲ ስለሚያመጣኝ ነው። ባት ስይዝ ሆዴን ያመኛል። ኤቭሪ ታይም። ሂ ላቭስ ኢት፣ ኮች፤ እኔ አይደለሁም። ፕሊስ ከት አድርገኝ፣ አውጣኝ። እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትለው።"

ኃይለልዑል ኳስ አንስቶ ባልዲው ውስጥ ጨመረ። ይህን ልጅ ሊጽፈው ነበር። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቡ ወስኖ ነበር። ለሶሊ ብሎ ግን አልነበረም፤ ራሱ እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ ነው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ታዲያ የት ትሆናለህ?" አለ። 

"ቤት ነዋ። እተኛለሁ።"

"መኪና... የማንም ልጅ መኪና ውስጥ..."

"ኮች? አር ዩ ኦኬ?"

"ደህና ነኝ።" ደህና አልነበረም። ግን የሰውን ልጅ ሁሉ እስኪያድግ ድረስ ሜዳ ጥግ ላይ አቁሞ መጠበቅ እንደማይቻል ያን ጊዜ ገባው፤ ሲገባውም አላጽናናውም። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ የሄኒን ስም ጻፈ። ለሶሊ ኢሜይል እንዲደርሰው አልፈለገም፤ ተነሥቶ ወደ አባቱ ሄደ።

አቶ ዘርትሁን ሲመጣ አይተው ከወንበራቸው ተነሡ። "እህስ፣ ኮች? ምን ይዘህልን መጣህ?"

"ጋሽ ዘርትሁን፣ ሶሊ አልተመረጠም። በሚቀጥለው ሲዝን ከቡድኑ ጋር አይጫወትም።" ሌላ ትርጉም እንዳይሰጠው ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የተናገረው።

አቶ ዘርትሁን የሰሙትን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። "ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው እሱ አይደል እንዴ?"

"ነው።"

"ያጠፋው ነገር አለ?"

"ምንም አላጠፋም። ጎበዝ ልጅ ነው።"

"ታዲያ ለምን?" ወንበራቸውን ሊያጥፉ ሞከሩ፤ አልታጠፍላቸው አለ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል። "ልጅ ስትጥል አይከብድህም አንተ? ያኛው አልበቃህም?"

 ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያስበው፣ ማንም ያላለው ነገር ነበር። ከፈለ ሰምቶ ሊጠጋ ሲል ኃይለልዑል በእጁ አቆመው። ከአባቱ ጀርባ ሶሊ ባልዲውን እንደያዘ ደርሶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። "ዳዲ..." ብሎ አፉን ከፈተ።

ኃይለልዑል ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀለት፤ አትናገር ማለቱ ነበር።

"ውሳኔው የኔ ነው፣ ጋሽ ዘርትሁን" አለ። "ማንም የለበትም፤ የኔ ነው።"

አቶ ዘርትሁን ወንበሩን ሳያጥፉ አንጠልጥለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሶሊ ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና አባቱን ለመድረስ ሮጠ። ሲደርስባቸው የወንበሩን አንድ እግር ያዘላቸው። ኃይለልዑል ስልኩን አውጥቶ አሥራ አራቱን ስም ላከ።