እነዚያ ሁለቱ

የጥርስ ሐኪሙ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ክፋትም የለበትም። ግን መሰርሰሪያውን አጠፋና በጥጥና በቱቦ ወደ ተሞላው አፍ ጎንበስ ብሎ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነዚያን ሁለቱን ግን እንዴት ሳቷቸው?" አለ።

"መሰላሉ" የሚሉት ሰውዬ መልስ ሊሰጥ አልቻለም። ምላሱ ደንዝዟል፣ ከንፈሩ የማን እንደሆነ አያውቀውም፣ እግሩ ከወንበሩ ጫፍ አልፎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። "እህህ" ብቻ አለ። ሐኪሙ በቂ መልስ እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ አልቅሻለሁ" አለና መሰርሰሪያውን መልሶ አስነሳው።

እንዲህ ሆኗል ኑሮው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አሳድጓል፣ ዋንጫ አንስቷል። ስሙን የሚያውቅ ጠፍቶ "መሰላሉ" እስኪባል ድረስ አገር አውቆታል። ጉልበቱን ተቀዷል፤ ቀኝ ትከሻውም ክንዱን ከጆሮው በላይ አላነሳም ካለ ከርሟል። ከዚህ ሁሉ ሕዝቡ ያስቀረው ሁለት ኳስ ነው። የፍጻሜ ጨዋታ ነበር፤ ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ ሊያልቅ ሲል እሱ ተጠልፎ ወደቀና ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠው። የቅጣት ውርወራ ማለት ማንም ሳይነካህ፣ ማንም ሳይከላከልህ፣ መስመሩ ላይ ቆመህ ተረጋግተህ የምትወረውረው ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ሁለቱም ብረቱን መትተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ፣ የታክሲው ነጂ፣ ቧንቧ ሊጠግን የመጣው ሁሉ "እነዚያን ሁለቱን ብታገባቸው ኖሮ" ይለዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እሱ ጡረታ ወጣ፤ ምሳሩ ግን ገና በሥራ ላይ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። ነገሩ አሁን ወደ ልጁ ዞረ።

ልጁ ሃያ ዓመቷ ነው። ቁመቱን ወርሳለች፣ የመዳፉን ስፋት ወርሳለች፣ ቅርጫቱ ሥር ከቆመች የሚያነቃንቃት የለም። የቅጣት ውርወራውንም ወርሳለች። ተጋጣሚዎቿ ይህን ካወቁ ቆይተዋል፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳስ ከያዘች አውቀው ይጠልፏታል። መስመሩ ላይ ትቆማለች፣ ትወረውራለች፣ ትስታለች። ያኔ ተመልካቹ "መሰላል፣ መሰላል" እያለ ያጨበጭባል፤ ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ። አሰልጣኟ ፊሽካዋን ከአንገቷ የማታወልቅ አጭር ሴት ናት። ነገር ማሽሞንሞን አታውቅም። "እሑድ በግማሽ ፍጻሜው መስመሩ ላይ ከሳትሽ፣ ለፍጻሜው ሌላ ነው የማስገባው" ብላታለች።

መድኃኒቱን ደግሞ መሰላሉ ያውቀዋል። ቆሽቱን የሚያሳርረውም ይኸው ነው። ትከሻው እምቢ ካለው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባዶ አዳራሽ እየገባ ኳሱን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መሐል፣ ከታች ወደ ላይ መላክ ጀምሮ ነበር፤ ባልዲ ውሃ እንደሚደፋ ሰው። ይገባል። ደግሞ ይገባል። ኳሱ ለስለስ ብሎ ስለሚወጣ ብረቱን ቢነካ እንኳ እየተንከባለለ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን በተከታታይ ሲገባለት ደስ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ኳሱን አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ጎልማሳ ሰው፣ ብቻውን፣ ሲገባለት ተናደደ።

ለልጁ ያልነገረበት ቦታ የለም። በመኪና ውስጥ ነገራት፣ በደረጃ ላይ ነገራት። ሐሙስ ማታ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቶ ሳህን ስታጥብ አገኛት።

"አንዴ ብቻ ሞክሪው፤ እንደ ባልዲ" አላት።

"አባዬ፣ ደግሞ ጀመርክ?" ፊቷን አላዞረችም።

"ይገባል እያልኩሽ ነው።"

"ይስቁብኛል።"

"ይሳቁ። ሳቅ ነጥብ አይቀንስም።"

ያን ጊዜ ዞረች። እጇ አረፋ በአረፋ ነው። "አንተስ ታዲያ ያኔ ለምን እንደዚያ አልወረወርክም?"

"አላውቅም ነበር" ሊላት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ያውቅ ነበርና። በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ። እናትየው ነርስ ናት፤ ለሌሊት ተረኝነቷ ስትለባብስ በሩ ሲጋጭ ሰማችና፣ "እኔን በዚህ ኳሳችሁ ውስጥ አታስገቡኝ" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄደ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለእሱና ለልጁ ልክ የሚሆን ሱሪ በገበያ ስለማይገኝ ሁለቱም የእሷ ደንበኞች ናቸው። ሱቋ ውስጥ ያለችው በርጩማ አንዲት ናት፤ እሷ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳል።

"እትዬ፣ ልጅቷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ" አላት።

እህቱ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አወጣች። "ከማን ወረሰችው?"

"ውሃ ወቀጣ ሆነብኝ እኮ። ሦስት ወር ሙሉ።"

"ሦስት ወር" አለች እህቱ። "እኔ ስንት ዓመት ወቀጥኩ?"

እውነቷን ነው። ልጆች ሆነው የመጋዘን ግድግዳ ላይ የበርሜል ቀለበት መትተው ይጫወቱ ነበር። ኳሱ ከባድ ነው፤ የልጅ ክንድ ከራስ በላይ አይልከውም። ስለዚህ ሁለቱም ከጉልበታቸው መሐል ነበር የሚወረውሩት፤ እሷም ሁልጊዜ ታሸንፈው ነበር። በኋላ እሱ ቁመት አወጣ፣ ክለብ ገባ፣ እንደ ትልልቆቹ ከግንባሩ በላይ መወርወር ጀመረ፤ መስመሩ ላይ በቆመ ቁጥርም መሳት ጀመረ። እህቱ ያን ጊዜ፣ "እንደ ድሯችን ወርውር" አለችው። "ቀሚስ የለበስኩ ነው የሚመስላቸው" ብሎ ሳቀባት። በሚቀጥለው ዓመት ደገመችለት፣ በሚቀጥለውም። በመጨረሻ፣ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብላ ተወችው። መከራም በፍጻሜው ቀን መጣና በሁለት ኳስ መከረው።

"አሁን ምን ላድርግ?" አላት።

እህቱ የተሰፋውን ጠርዝ በጥፍሯ እየዳመጠች፣ "ክለቡ ዘንድሮም ደውሎልሃል?" አለች።

ደውሏል። በየዓመቱ ይደውላል። በጨዋታ እረፍት ላይ የድሮው ኮከብ መጥቶ እነዚያን ሁለቱን ለሕዝቡ ደግሞ እንዲወረውር ይፈልጋሉ። "ለጨዋታ ያህል ነው፤ ሰው ይዝናናል" ይሉታል። እሱም በየዓመቱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘጋዋል። የዘንድሮው እሑድ ነው፤ ልጁ በምትጫወትበት ቀን።

"ሂድና ወርውር" አለችው እህቱ። "እንደ ባልዲ።"

"እዚያ ሁሉ ሰው ፊት?"

"ታዲያ ልጅቷ የምትፈራው ማንን ነው? ባዶ አዳራሽን? ምንም እንዳትነግራት ደግሞ። አንተ ስትናገር ሰው ጆሮው ይዘጋል። አፍህን ዝጋና እጅህን አሳያት።"

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም። ይህ ሰው የጎድን አጥንቱ ተሰንጥቆ ጨዋታ ጨርሷል፤ ግን የሰው ሳቅ ሲያስብ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ያም ሆኖ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተገኘ። ለልጁም ቃል አልተነፈሰላት።

የመጀመሪያው አጋማሽ አልቆ ሁለቱ ቡድኖች ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ሲወጡ እሱ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ኋላ ቆሞ ሆዱ ላይ አልደርስ ካለው ማሊያ ጋር ይታገል ነበር። አስተዋዋቂው በድምጽ ማጉያ ስሙን ጠራ፣ "እነዚያ ሁለቱ ዛሬ ይደገማሉ" አለ። አዳራሹ ሆ አለ። መሰላሉ መስመሩ ላይ ቆመ። ኳሱ ያው ኳስ ነው፤ ብረቱም ያው ብረት፤ እነዚያ ወንበሮች ላይ ያሉትም ያው ሰዎች ይመስሉት ነበር።

እግሩን ከፈት አድርጎ ኳሱን ወደ ጉልበቱ ሲያወርድ ሳቁ ከላይኞቹ ወንበሮች ጀመረ። አንዱ፣ "ሽንት ቤቱ በወዲያ ነው" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስልኮች ተቀሰሩ። ኳሱን ላከው፤ ብረቱን እንኳ ሳይነካ ገባ። ሰዉ የተዘጋጀ ቀልድ መስሎት ይበልጥ ሳቀ። ሁለተኛውን ላከው፤ ብረቱን ነካ፣ ዞረ፣ ገባ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያጨበጨበችው እህቱ ብቻ ናት።

ጆሮው ግሎ፣ ማሊያው እምብርቱ ላይ ተሰብስቦ ወደ እህቱ ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ያስብ ነበር። ይሳቁ። ልጄ አይታለች።

ሁለተኛው አጋማሽ ክር እንደ መሳብ ረዘመበት። ሊያልቅ ሲል ነጥቡ እኩል ሆነ። ልጁ ቅርጫቱ ሥር ኳስ ያዘች፤ ወዲያው ሁለት ተከላካዮች ተጠመጠሙባት፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ሁለት የቅጣት ውርወራ። መስመሩ ላይ ቆመችና ቀና ብላ አባቷን ፈለገችው። እሱም በተቀመጠበት ሁለት እጁን ጉልበቱ መሐል አስገብቶ ወደ ላይ ወዘወዘ፤ የጎረቤቱን መነጽር ሊጥል ትንሽ ቀረው። ልጅቷ አየችው። አይታውም ፊቷን አዞረችና ኳሱን ከግንባሯ በላይ አነሳች።

ሳተች። "መሰላል፣ መሰላል" አለ አዳራሹ። ሁለተኛውንም ሳተች።

አሰልጣኟ እዚያው ቀየረቻት። ተቀያሪዋ ልጅ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ አንዲት ኳስ አግብታ ቡድኑ እንደምንም ለፍጻሜ አለፈ፤ ሁሉም ተቃቀፈ፣ የመሰላሉ ልጅ ፎጣዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

"አየሽው?" አለ መሰላሉ ወደ እህቱ ዞሮ። "አየሽው እትዬ? ፊት ለፊቷ አሳይቻት፣ መሳቂያ ሆኜላት፣ አሁንም እምቢ። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው የወለድኩት?"

እህቱ ቦርሳዋን እየዘጋች፣ "አሁን ገባህ፣ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ?" አለችው።

ሦስቱም መኪናው ውስጥ ገቡ። እህቱ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ከፊት፣ እንደ አባቷ ጉልበቷ ከፊት ለፊቷ ካለው ሳጥን ጋር ተጣብቆ። የትራፊክ መብራት ሲያቆማቸው ልጅቷ ጀመረች።

"ለፍጻሜው የለሁበትም። አሰልጣኟ በሩ ላይ ነገረችኝ።"

መሰላሉ መሪውን ጨበጠ።

"አንተም አሁን ደስ ይበልህ" አለች። "ያልኩህ ይኸው ነው። ሳቁብህ። እስከ መልበሻ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር።"

"እስከ የት?"

"መልበሻ ክፍል። በእረፍት ሌላ የት እሆናለሁ? ስምህ ሲጠራ ሰማን፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መሰላሉ ግን አልተንቀሳቀሰም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን እረፍት መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ያሳለፈ ሰው ነው። በእረፍት ሜዳ ላይ ተጫዋች እንደሌለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በዓለም አይገኝም። ከኋላው የቆመው ሾፌር ጥሩንባውን ነፋበት።

"አባዬ፣ ንዳ እንጂ" አለች ልጅቷ። "ደግሞ ካልቀረ ከሁለቱ አንዱን እንኳ ብታገባው ምን ነበረበት?"

"ማን ነው የሳተው?"

"ሲስቁ ሰማሁ እኮ።"

"ገብተው ነው የሳቁት።"

ልጅቷ ዞራ አየችው፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ አክስቷ ዞረች። አክስትየው አፏን በመሐረብ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በሳቅ ይሁን በለቅሶ አያስታውቅም።

"እኔ ምስክር ነኝ" አለች እንደምንም። "አትንገራት ያልኩትም እኔው ነኝ፤ እኔን ስደቡኝ።"

"ሁለቱም?" አለች ልጅቷ።

"ሁለቱም" አለ መሰላሉ።

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

ሦስት ወር ሙሉ ከዚህ በቀር ሌላ ነገር ያልነገራት አባት መኪናውን አንቀሳቀሰ። የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ እንኳ እንዲህ አፉ አልተያዘም። ለፍጻሜው ልጁ የለችበትም። ሕዝቡም ከዛሬ ጀምሮ የሚስቅበት ሌላ ሁለት አግኝቷል።

ቀጣዩን መታጠፊያ ሲያልፉ በዓይኑ ጠርዝ አያት። ሁለት ሰፋፊ እጆቿን ጉልበቷ መሐል አስገብታለች። ባዶ ናቸው። ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ላከቻቸው፣ መልሳ አወረደቻቸው፣ ደግማ ላከቻቸው። ክንዷን ግን ከፍታዋለች፤ እንደዚያ ከሆነ ኳሱ ወደ ጎን ይሄዳል። ሊነግራት አፉን ከፈተ።

የእህቱ እጅ ከኋላ መጥቶ የታመመ ትከሻውን ያዘው። ያማል። አፉን ዘጋና መንገዱን እያየ ነዳ።