ጠበል ውስጥ የገባው ካሴት

«እማዬ፣ አንድም ቀን ቁጭ ብለሽ ሳትሰሚው ምኑ ነው እንዲህ ያንገበገበሽ?» ብሎ ደርበው ሲጠይቃት የትናየት ንዴቷ ባሰባት።

ካሴቱን ደርበው ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ቡይት ራስ ላይ፣ ያስጎበኘው ቱሪስት ነው የሰጠው። የፈረንጅ ሮክ ነው፤ ጊታሩ ያገሳል፣ ዘፋኙ ይጮኻል። ከዚያ ወዲህ ልጇና ጓደኛው ኪዳኑ ደባርቅ ባለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ዘፈኖቹ ሲነታረኩ ይውላሉ።

«ሁለተኛውን የሚያህል የለም፤ ከበሮው ብቻ ይበቃል» ይላል ኪዳኑ።

«ዝም በል! የመጨረሻውን እስኪያልቅ ያልሰማ ሰው አይፈርድም» ይላል ደርበው።

«እሱም ዘፈን ሆነና! የሊማሊሞን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ነው እንጂ!»

ይሳሳቃሉ። የትናየት ውስጧ ይቃጠላል። በዚህ ዕድሜዋ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል የቆጠረችው ዳዊት ልታነብለት ነበር፤ እሱ በዐቢይ ጾም እንኳ ጩኸቱን አልተወም።

አንድ ቀን ብድግ ብላ ካሴቱን ከቴፑ መነጨቀችና ጠበል የሞላው ጆግ ውስጥ ነከረችው። አሳድራ መለሰችለት።

«እንካ፣ ርኩሱ ወጥቶለታል። ከፋሲካ በኋላ ስማው።»

ደርበው እዚያው ከፈተው። ቴፑ አንቋረረና ክሩን በላው።

«ገደልሽው!» አለ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«አንተን ላድን ነው እንጂ! ለጋኔን ልተውህ ነበር?»

«ለኔ ጋኔኑ አንቺ ነሽ!»

እጇ ሳታዝዘው ተነሣና በጥፊ አለችው። አጠገባቸው የነበረው ኪዳኑ መሃል ገብቶ ቢለምናቸው ሁለቱም አልሰሙትም።

ደርበው ፋሲካን ሳይጠብቅ ጎንደር በሚወርደው አውቶቡስ ሄደ። ኪዳኑና የትናየት ደባርቅ ቀሩ።